የሞቀው ወንዝ አጥማቂ

ንታቴ ሞዲሳን፣ አባባ ሞዲሳ ማለታችን ነው፣ ከፕሪቶሪያ ወዲህ ያለችው የወርቅ ከተማችን ኹትሶንግ የሚያውቃቸው በእጃቸው ነው። ፊታቸውን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት በተገናኘንባት ሰዓት ዓይናችንን ጨፍነን፣ አፍንጫችንን በገዛ ጣታችን ቆንጥጠን፣ እስከ ወገባችን ወንዝ ውስጥ ቆመን ነበር። አንድ እጅ ከማጅራት ያርፋል፣ አንድ እጅ ከደረት፤ ከዚያ "በአብ" ሲሉ ሰማዩ ይጠፋል። በሦስተኛው ስትወጣ የት አገር እንዳለህ አታውቅም። እኔ ስጠመቅ አንድ ጉንጭ ሙሉ ውሃ ዋጥኩ። የዚያን ጊዜው ከበሮ መቺ "ጸጋ ነው፣ እንዳትተፋው" አለኝ። እሱ ሲሞት ከበሮው ወደ እኔ ዞረ፤ እስከ ዛሬም የምመታው እኔ ነኝ። ጎረቤታቸውም ነኝ። በመካከላችን ያለው አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም።

አጥማቂነታቸው የእሁድ ነበር። በሥራ ቀን ማዕድኑ ውስጥ የፓምፕ ሠራተኛ ነበሩ። እዚህ ተወልዶ ወርቅ በእጁ ያልነካ ሞልቷል፤ ማዕድኑን ያላገለገለ ግን የለም። ሌላው ወርቅ ሲቆፍር እሳቸው ውሃ ይገፉ ነበር። የምድሯ ሆድ ውሃ ነው፤ ውሃው ካልወጣ ወርቁ አይገኝም፤ ስለዚህ ቀን ከሌት እየተመጠጠ፣ በቦይ ወርዶ ወንዛችን ይገባል። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ወንዛችን ማለት እሱው ነው። ዋናው ወንዝ ከላይ ሲመጣ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይሰርግ ብለው ገና ድሮ ቧንቧ ውስጥ ከተቱት። ወንዝ ነው እንዳለ ቧንቧ ውስጥ የገባው። እንግዳ መጥቶ "ወንዛችሁ የት ነው?" ሲለን ቧንቧውን እናሳየዋለን፤ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥና ደስ ብሎት ይሄዳል።

ከማዕድኑ የሚወጣው ውሃ ሞቃት ነው። በእኛ የብርድ ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ፣ የሌላው ቤተክርስቲያን ተጠማቂ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ሲወጣ የእኛው እንፋሎት እየወጣው ይዘምራል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከሌላ ማኅበር ወደ እኛ የዞሩ አሉ። ንታቴ ሞዲሳም ኩራታቸውን አይደብቁትም ነበር።

"ይህን ውሃ ያወጣሁት እኔ ነኝ" ይሉናል ነጩን ካባቸውን ለብሰው፣ አረንጓዴውን መቀነት ታጥቀው። "ሰው ዓይኑን ያላሳረፈበት ውሃ ነው። እግዜር ከፈጠረው ጀምሮ ፀሐይ ያየው ዛሬ ነው።"

እኛም አሜን እንላለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ እኛ ሁለቱንም ከሥሩ ያገኘን መስሎን ነበር። በበጋ ወንዙ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ ነጭና ቢጫ ቅርፊት ይጋገራል። ሽማግሌው ራምፔዲ፣ የማኅበራችን ሕግ አዋቂ፣ "የቃል ኪዳን ጨው ነው" ብለው ስለፈረዱ ሴቶቹ እየፋቁ በጨርቅ ቋጥረው ለሆድ ቁርጠት ይልሱት ነበር። ቁርጠቱ አለመሄዱን እናውቃለን። እምነት ማነስ ነው እንል ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ራሳቸውን ካልነከሩት ጥቂቶች አንዷ የአጥማቂው ሚስት፣ እናት ለማለት ምሜ የምንላቸው ኬሌቦኔ ነበሩ።

ምሜ ኬሌቦኔ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰውን ማግዊንያ ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ይሸጡ ነበር፤ ሊጡን የሚያሹበት ጉልበት ለፓምፕ ይበቃል። በልጅነታቸው ሉተራኖች ግንባራቸው ላይ ጠብ አድርገውላቸዋል፤ ያ ይበቃኛል ነው የሚሉት። ባልየው አርባ ዓመት ለመኑ። መልሱ አንድ ነበር።

"በአንተ እጅ ውሃ ውስጥ? ቤት ውስጥ ራሴን ያልደፋሁልህ ሴትዮ፣ ሕዝብ ፊት ልደፋልህ?"

"እኔ እኮ አይደለሁም የማጠምቅሽ። መንፈስ ነው።"

"መንፈስ ከሆነ አንተ እጅህን ሰብስብና እሱ ይምጣ።"

እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ እስቃለሁ። ንታቴ ሞዲሳ ግን አይስቁም ነበር። የስንቱን ማጅራት የያዘ እጅ ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ ሥራ ሲያጣ፣ ለአጥማቂ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተለወጠው በምሜ ዲኔዎ ቀብር ነው። ምሜ ዲኔዎ የምሜ ኬሌቦኔ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ እሳቸውም አልተጠመቁም። በእኛ ሕግ ከበሮ የሚመታው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰው ከውሃ ሲወጣና ሰው ወደ አፈር ሲገባ። የመጀመሪያውን ያልሰማ ሁለተኛውን አይሰማም። ስለዚህ እኔ ከበሮዬን ሆዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እጄን ወደ ታች ጥዬ እንደ ጅል ቆምኩ። የሚሰማው አካፋ ብቻ ነው። አካፋ ድንጋያማ አፈር ላይ ሲፋጭ፣ ከዚያ አፈሩ ሳጥኑ ላይ ዱብ ሲል፣ ደግሞ አካፋ። እኔ ብዙ ቀብር ላይ ቆሜያለሁ፤ የዚያን ቀኑን ጆሮዬ አልረሳውም።

ስንመለስ ምሜ ኬሌቦኔ ጠጋ አሉኝ።

"አንተ ልጅ፣ ለእኔም እንዲሁ ልትቆም ነው?"

"ሕግ ነው ምሜ።"

"ሐኪሙ ልቤ አብጧል ብሎኛል። መሞቱን እችለዋለሁ። ያንን አካፋ እየሰማሁ ግን አልገባም።"

የዚያኑ ምሽት ድርድሩን በቆርቆሮው በኩል ሰማሁ።

"እሺ ብያለሁ" አሉ ምሜ ኬሌቦኔ። "በመጪው እሁድ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትነክረኝ።"

"ሦስት ነው፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ።"

"እንግዲያው ተነጋገሩና አንዱ ለሌሎቹ ይተውላቸው።"

"ኬሌቦኔ!"

"በቃ፣ በቃ። ሦስት ይሁን። አፍንጫዬ ውስጥ ውሃ ከገባ ግን ምድጃው ጋ እንገናኛለን።"

ንታቴ ሞዲሳ ያን ምሽት ካባቸውን ራሳቸው አጠቡ፣ ራሳቸው ተኮሱ። ሲያፏጩ ሰማሁ፤ የሰባ ዓመት ሰው።

በሳምንቱ መጀመሪያ ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች በመኪና መጥተው በመጠመቂያችን በኩል ወንዙን በሽቦ አጠሩና ትልቅ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሰሌዳ ተከሉ። ምንም ሳይሉን ሄዱ። እኛ ከበን ቆምን። ከላይ አንድ ማእከል ያለው ሦስት ቅጠል አለ፤ ከቅጠሉ ጨረር ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ በአንድ በኩል የሰው ራስ ቅል፣ በሌላ በኩል የሚሮጥ ሰው።

ሽማግሌው ራምፔዲ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ሦስት ቅጠል፣ አንድ ማእከል" አሉ። "ሥላሴ ነው። ከላይ የሚወርደው ጸጋ ነው። ራስ ቅሉ ሞት ነው። የሚሮጠው ደግሞ ተጠምቆ ከሞት የሚያመልጠው ክርስቲያን ነው። መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን መጠመቂያችንን አወቀልን።"

ማን ይከራከራቸዋል? እኔም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሽቦውስ ስንል "ከብት እንዳይገባ፣ ለክብሩ ነው" አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ በሰሌዳው እግር አረንጓዴና ነጭ ጨርቅ አሰርን፣ አንዱ ሥዕሉን በስልኩ አንስቶ ለዘመዶቹ ሁሉ ላከ። ንታቴ ሞዲሳ "ኬሌቦኔን ስጠብቅ ነው እኮ፣ ለእሷ ቀን ነው ያቆዩልኝ" ይሉ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለእኛ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ አዳራሽ ተጠራን። ሬፊልዌ የምትባል ባለሙያ መጥታለች፤ ወጣት ናት፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ወረቀት። ጎኗ ከማዕድኑ የተላከ ክራባት ያሰረ ሰው ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

"ወንዙ ውስጥ ዩራኒየም አለ" አለች። "ካድሚየምም፣ እርሳስም አለ። ብዙው ጭቃው ውስጥና ዳር ላይ በሚጋገረው ቅርፊት ውስጥ ነው። አትጠጡት፣ ከብት አታጠጡት፣ ዓሣ አታጥምዱበት፣ አትዋኙበት።"

ቅርፊት ስትል የሴቶቹ እጅ ወደ ሆዳቸው ሄደ። ሽማግሌው ራምፔዲ ተነሡ።

"መጠመቅስ፣ ልጄ?"

ወረቀቷን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች።

"ጥምቀት የሚል እዚህ የለም፣ አባባ።"

"ስለዚህ አልተከለከለም።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለችና ስልክ ደወለች። ፕሪቶሪያ ላለ ለአንድ ሰው ሁሉንም አስረዳች። ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኛ ዞረች። "ሰው ውሃው ውስጥ ምን ያህል ይቆያል ነው የሚሉት።"

"እንደ ኃጢአቱ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"እንደ ኃጢአቱ ነው ይላሉ" አለች ለስልኩ። ቆየች። "በአማካይስ ይላሉ?"

አማካይ ስትል ሁላችንም ዘወር ብለን የመጠጥ ቤቱን ባለቤት አየነው። እሱ ጣሪያውን አየ።

"ሰሌዳውስ ታዲያ?" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ቀጠን ብሎ። "ሦስቱ ቅጠሎች ሥላሴ አይደሉም?"

"አባባ፣ መርዛማ ጨረር አለና ሽሹ ማለት ነው።"

"የሚሮጠው ሰውስ?"

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲበርድ ንታቴ ሞዲሳ ቆመዋል።

"ልጄ" አሉ፣ "ይህ ነገር ወንዙ ውስጥ ማን ጨመረው?"

"ከማዕድኑ ነው ንታቴ። ዩራኒየሙ ወርቁ ካለበት ድንጋይ ጋር አብሮ ያለ ነው። ውሃው ድንጋዩን እያጠበ ከሥር ይከማቻል፤ ፓምፑ ሲያወጣው ይዞት ይወጣል።"

"ፓምፑ።"

"አዎ፣ ፓምፑ።"

ተቀመጡ። ጎናቸው ነበርኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አንዴ በውስጡ አንዴ በጀርባው አገላብጠው አዩት።

ክራባት ያሰረው ሰው ለኩባንያው የማኅበረሰቡ ጤና ከወርቅ በላይ እንደሆነ ተናገረ። ለዚህም ምስክር ይሆን ዘንድ ስጦታ አምጥቷል። ሁለት ሠራተኞች ሳጥን ከፈቱ፣ ጎማ በሚነፋበት ነፉ። የሕፃናት መዋኛ ነው፤ ሰማያዊ ላስቲክ፣ ዙሪያውን ዳክዬ የተሳለበት። አጨበጨብን። ለምን እንዳጨበጨብን እስካሁን አላውቅም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎች ዳክዬዎቹን ከበው ስብሰባ ተቀመጡ። እኔ በስብሰባ አላምንም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ግን ከበሮው የማኅበሩ ስለሆነ አብሬ እጠራለሁ። ሽማግሌው ራምፔዲ አይሆንም አሉ። ጥምቀት በሚፈስ ውሃ ነው፤ ኃጢአቱ መሄጃ ይፈልጋል። በቆመ ውሃ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ኃጢአት ሥሩ ይዘቅጥና ሁለተኛው ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል።

"በየሰው ብንደፋውስ?" አለ አንዱ።

"የት ትደፋዋለህ?"

"ወንዙ ውስጥ።"

ከዚያ አንዲት እናት፣ ቀስ ብላ፣ ማንም ያላሰበውን ጠየቀች።

"እስከ ዛሬስ የእኛ ኃጢአት የት ሄደ?"

ሁላችንም እናውቃለን። ወንዙ ወርዶ ፖቸፍስትሩም ይደርሳል፤ እዚያ ገድበው ይጠጡታል። የፖቸፍስትሩም ሰዎች ስንት ዘመን የእኛን ኃጢአት ከነዩራኒየሙ ሲጠጡ ኖረዋል። ሽማግሌው ራምፔዲ ይቅርታ የሚጠይቅ ልዑክ ይላክ አሉ። ሌላው፣ ላኩ ካልን ካሣ ይጠይቁናል አለ። በዚህ ላይ ፀሐይ ገባች።

ንታቴ ሞዲሳ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። እቤታቸው ካባውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀምጠዋል። እዚያ የደረስኩት ምሜ ኬሌቦኔ ሲናገሩ ነው።

"አርባ ዓመት ለምነኸኝ፣ እሺ ስልህ ልብስህን ትሰቅላለህ?"

"ከእንግዲህ ሰው አልነክርም።"

"ሰው ማን አለህ? እኔን ነው።"

"ኬሌቦኔ፣ ገብቶሻል? ሰኞ ሰኞ እኔው አወጣሁት፤ እሁድ እሁድ እኔው ነከርኳቸው። ከሥር እስከ ላይ የእኔ እጅ ነው። የሴቶቹ ሆድ... ያን ጨው ሲልሱ ቆሜ አይቻለሁ።"

"አውቀህ ነው?"

"አላወቅኩም።"

"እኮ።"

"አለማወቄ ውሃውን አያጠራውም።"

ምሜ ኬሌቦኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ትንሽ ተነፈሱ፤ ከተቀመጡ በኋላም ትንፋሹ ቶሎ አልመለሰላቸውም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ የሴትዮዋ ጊዜ እንደ እኛ ስብሰባ አይጠብቅም።

"የሚፈስ ውሃ ነው የምትፈልጉት?" አሉ። "እኔ ማግዊንያ የምሸጥበት ጥግስ?"

የመጠጥ ቤቱ ጥግ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ዋና ቧንቧ ከፈነዳ ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ ቤት ቧንቧው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደርቃል፤ እዚያ ጥግ ላይ ግን ቀንም ሌሊትም ይፎልላል። ደውለን ደውለን አንድ ጊዜ መጡ፣ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ "ዕቃ ልናመጣ ነው" ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈሳል፤ ዳሩ ላይ ሣር በቅሏል፣ አንዱ መኪና ማጠቢያ ከፍቶበታል፣ እንቁራሪትም ገብቶበታል። ጥርት ያለ የመጠጥ ውሃ ነው። በየቀኑ እያማረርን እንሻገረዋለን፤ ሕያው ውሃ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

"መሬቱ ይደረመሳል" አሉ ንታቴ ሞዲሳ።

ይህም እውነት ነው። ማዕድኑ ከሥራችን ውሃውን መጥጦ ስለጨረሰው ምድራችን ባዶ ሆድ ነው፤ ከላይ ውሃ የሰረገበት ቦታ አንድ ቀን ዋጥ ያደርጋል። አንድ ጊዜ የቴኒስ ሜዳ ከነመረቡ ውጧል።

"አንደኛው ቀስ ብሎ ይገድላል፣ አንደኛው ቶሎ ይውጣል" አሉ ምሜ ኬሌቦኔ። "በእኔ ዕድሜና በእኔ ልብ ቀስ ብሎ የሚገድለው ምን ያደርግልኛል? ንጹሑን እመርጣለሁ። ተነሥና ካባህን አውርድ።"

ሽማግሌው ራምፔዲ ማለዳ መጥተው ጥጉን መረመሩ። እንጨት ጣሉበት፤ እንጨቱ ሄደ። ይፈሳል አሉ። ስለዚህ እሁድ ረፋድ ላይ ነጭ ለብሰን፣ ከበሮ ይዘን፣ እየዘመርን በመጠጥ ቤቱ በኩል ወረድን። ከትናንት ያደሩት ጠጪዎች በር ላይ ቆመው ብርጭቋቸውን በአክብሮት ከኋላቸው ደበቁ። ምሜ ኬሌቦኔ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ንታቴ ሞዲሳ ከኋላቸው፣ ወደ እስር ቤት እንደሚወሰድ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

ጥጉ ላይ ስንደርስ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ቆሟል።

አለቃው ፌዚሌ ይባላል፤ ክንዱን የሚያህል መፍቻ ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሕዝብ?" አለ። "ደግሞ ሰልፍ ነው? ይኸው መጣንላችሁ እኮ።"

"ልጄ፣ ዛሬ ሂድልን" አሉ ሽማግሌው ራምፔዲ።

"ምን?"

"አትጠግነው። ነገ ና።"

ፌዚሌ መፍቻውን አስቀመጠ። "ዓመቱን ሙሉ ስልኩን ስታቃጥሉት ከረማችሁ። እናቴን ሳይቀር ሰድባችኋል። ዛሬ በእሁድ፣ ከአልጋዬ ተነሥቼ፣ ዕቃው ተገኝቶ ስመጣ ሂድ ትሉኛላችሁ? ላይ ቤት ያለውን መዝጊያ አስዘግቼዋለሁ እኮ፤ ውሃው እየጎደለ ነው።"

ሁላችንም ጉድጓዱን አየን። እውነቱን ነው፤ መፍሰሱን ትቶ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል። ንታቴ ሞዲሳ እዚያው ቆመው ቀሩ። ምሜ ኬሌቦኔ ማንንም አልጠየቁም፤ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ለባላቸው። "ውሃው እንኳ ቸኩሏል።"

ንታቴ ሞዲሳም ገቡ። አንዱ እጅ ከማጅራት፣ አንዱ ከደረት፤ "በአብ።" ምሜ ኬሌቦኔ ጠፍተው ብቅ ሲሉ ጩኸታቸው መጠጥ ቤቱ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

"በረዶ ነው! ሌላውን ሁሉ በሙቅ፣ እኔን በበረዶ?"

"ተንበርከኪ፣ ጎድሏል" አሉ ንታቴ ሞዲሳ። ተንበረከኩ፤ "በወልድ።" ይህችኛዋ በመከራ ነው የተሳካችው። ለሦስተኛው ግን ውሃው ከጉልበት ወርዷል። ምሜ ኬሌቦኔ ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተኙ። "በመንፈስ ቅዱስ" ተባለ፤ ውሃው ጆሮአቸውን ሸፈነ፣ አፋቸውንም ሸፈነ፣ አፍንጫቸው ብቻ ተርፎ ቆመ።

"አፍንጫዋ ታይቷል" አሉ ሽማግሌው ራምፔዲ። "አይቆጠርም።"

እኔ ዱላዬን አንሥቼ ነበር፤ ዝቅ አደረግኩት። ምሜ ኬሌቦኔ ከጭቃው ሆነው ከበሮዬን ያዩታል፣ እኔ እሳቸውን ማየት አቃተኝ። የሽማግሌውን አፍ በከበሮ ዱላ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

"ምኑ ነው የማይቆጠረው?" አለ ፌዚሌ፣ ሳያስበው ነገሩ ውስጥ ገብቶ። "ሴትዮዋ ሰጥማለች። እኔ አይቻለሁ።"

"አንተ የማኅበሩ አባል አይደለህም።"

"ታዲያ ምን ይጎድላታል?"

"ውሃ" አሉ ንታቴ ሞዲሳ። "ትንሽ ውሃ ነው ልጄ። አርባ ዓመት ውሃ ስገፋ ኖሬ፣ ዛሬ ለሚስቴ አፍንጫ አነሰኝ።"

ፌዚሌ እሳቸውን አየ፣ ምሜ ኬሌቦኔን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ላይ ቤት ላለው ባልደረባው ደወለ።

"ክፈተው" አለ። "አዎ፣ መልሰህ ክፈተው። አልጠጣሁም። የሰው አፍንጫ ነው የቀረው። አትጠይቀኝ፣ ክፈተው ብዬሃለሁ።"

ቧንቧው አስነጠሰ። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ፈንድቶ ወጣና ምሜ ኬሌቦኔን ከጭቃው አነሣቸው። "በመንፈስ ቅዱስ" አሉ ንታቴ ሞዲሳ እንደገና፣ ጮክ ብለው፣ እስከ ፀጉራቸው ጫፍ አጠለቋቸው። ሽማግሌው ራምፔዲ ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ዱላዬን አነሣሁ።

ምሜ ኬሌቦኔ ግን ሲወጡ የባላቸውን እጅ ይዘው አልለቀቁም።

"ዝቅ በል" አሉ።

"እኔ ተጠምቄያለሁ።"

"በየትኛው ውሃ?"

ንታቴ ሞዲሳ ረጅም ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው፣ በመጀመሪያ በአንድ ጉልበት፣ ከዚያ በሁለተኛው ተንበረከኩ። ሊጥ የሚያሸው እጅ ማጅራታቸው ላይ አረፈ። ሕጉ ሴት ታጥምቅ አይልም፤ ሽማግሌው ራምፔዲ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምሜ ኬሌቦኔ ዞረው ሲያዩአቸው ዘጉት።

"ስንት ጊዜ ነው?" አሉ ንታቴ ሞዲሳ፣ ልጅ እንደሚጠይቀው።

"እንደ ኃጢአቱ ነው።"

ከተቷቸው። ቆዩ። ውሃው በላያቸው ይፈሳል፣ ካባው እንደ ድንኳን ተነፍቶ ተንሳፈፈ። ፌዚሌ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ሲያወጧቸው ንታቴ ሞዲሳ እያለቀሱ ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ።

"ኬሌቦኔ፣ ውሃውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ቱታህን ማን ሲያጥብልህ ኖረ? አንድም ቀን ነጭ ሆኖ አያውቅም። ያመጣኸው እንጀራችንን ነው፤ እሱም ከነመርዙ መጣ። አብረን በላነው። ዝቅ በል፣ ገና ነው።"

መልሰው ከተቷቸው። ከዚያ እጃቸው ባላቸው ማጅራት ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተስ፣ ከበሮውን ምን አቅፈህ ቆመሃል?"

መታሁ። እንደዚያን ቀን መትቼ አላውቅም። ጠጪዎቹ ብርጭቋቸውን ረስተው አጨበጨቡ። ከዚያ ያቺ የኃጢአቱን ነገር የጠየቀችው እናት ጫማዋን አወለቀች፤ ከኋላዋ ሌላዋ፤ በንታቴ ሞዲሳ እጅ በሞቀው ወንዝ የተነከረ ሁሉ ተሰለፈ። እኔም ከበሮዬን ለፌዚሌ አስይዤ ገባሁ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አንድ ጉንጭ ዋጥኩ፤ ማንም አትትፋው ማለት አላስፈለገውም። ፌዚሌ እስከ ከሰዓት ቆሞ ጠበቀንና ሰዎቹን ሰብስቦ፣ "ዕቃ ልናመጣ ነው" ብሎን ሄደ።

በዓመቱ፣ በአመዳዩ ወራት፣ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ የምሜ ኬሌቦኔ ልብ ቆመ። ወንዙ አሁንም ሽቦ ውስጥ ነው፤ ፍየል ሰሌዳው ላይ ጀርባዋን ታክካለች፤ ያሰርነው ጨርቅ ነጣ እንጂ አልተፈታም። ንታቴ ሞዲሳ መቃብሩ አፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አካፋው ሲነሣ ወደ እኔ ዞር አሉ። ሳጥኑ ወርዶ፣ አፈሩ ሞልቶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ እስኪያበቃ ድረስ ከበሮዬን መታሁ፤ ክንዴን አላሳረፍኩም። አካፋውን ማንም አልሰማውም።